“የአርባ ቀን ዕድሌ ነው” ለምትል እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ሱቅ ከፍቼ ሁለቴ ከሰርኩ። እጮኛዬም ተወኝ። ቤተሰቦቼ “የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው” ይሉኛል። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ እኔ ምኑን እመርጣለሁ? ካልመረጥኩስ መኖሬ ምን ትርጉም አለው? በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ማስተማሬንም ትቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሐዘንሽ ገብቶኛል። ሁለቴ መክሰር ልብ ይሰብራል። “የአርባ ቀን ዕድል” የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ይባላል። የሚቆርቡ ምእመናን ሳይቀሩ ይሉታል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። አንቺ በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ የእግዚአብሔር ልጅነት ተሰጠሽ እንጂ ዕጣ አልተጻፈብሽም።

አምላክ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያስገድድም። ጌታ ጴጥሮስን “ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ” አለው። ጴጥሮስ የካደው ጌታ አስቀድሞ ስላወቀ ነው? አይደለም፤ ስለፈራ ነው። ለዚህ ነው ምርር ብሎ ያለቀሰው። “ተጽፎብኝ ነው” የሚል ሰው ንስሐ ምን ያደርግለታል?

ደግሞም አስቢው። ሁሉ ነገር ተቆርጦ ያለቀ ከሆነ፣ ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ቁልቢ የሚደርሰው ሕዝብ ምን ሊለምን ነው የሚደክመው?

ሁሉ በእጅሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ገበያውም፣ የእጮኛሽም ልብ በእጅሽ አልነበሩም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማችሁ ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ነፍስ ሲወስድ ጎርፉን የመረጠ ሰው የለም። ጎረቤቱን ጎትቶ ያወጣ ሰው ግን እጁን የዘረጋው በራሱ ፈቃድ ነው። የሞቱትንም ኃጢአታቸው በዝቶ ነው የሚል ካለ፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት ሰዎች ጌታ የተናገረውን ያንብብ (ሉቃ. 13፥4)። አንቺንም ኪሳራሽ ቅጣት ነው የሚልሽን አትስሚ።

ጳውሎስ “መዳናችሁን ፈጽሙ” ይልና ወዲያው መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል (ፊል. 2፥12-13)። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። እንዴት እንደሚገጥሙ ሊቃውንት ብዙ ተነጋግረውበታል፤ ገናም ይነጋገሩበታል። መኖርሽ ትርጉም እንዲኖረው የእነሱን ጉባኤ ማብቂያ መጠበቅ የለብሽም። ሕፃናቱ ዛሬም መዝሙር የሚያስጠናቸው ይፈልጋሉ።

ሱቁን ክፈቺ ወይም ተዪው አልልሽም፤ ንግድ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተማከሪ። ማስተማሩን ግን መተው አልነበረብሽም። ንስሐ አባትሽን በዚህ ሳምንት አግኚያቸው፤ እሑድም ወደ ልጆቹ ተመለሺ።