መልስ፦ «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» ቀርቷል ወይ?

ወንድሜ፣ ስሙ ነው የተቀየረው እንጂ ሥራው አልቀረም። በ2008 በአዋጅ ቁጥር 943 የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 በአዋጅ 1263 እንደገና ፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗል። ሚኒስትሩም የካቢኔ አባል ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶችን በዝርዝር ሲያዋቅር የዐቃቤ ሕግን ተቋም ግን አላቋቋመም። ስለዚህ መዋቅሩን ለመለወጥ ተራ አዋጅ ይበቃል። ነፃነቱ የሚላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እንደ አዳማ ባለ የክልል ከተማ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ሲኖር ሰው የሚሳሳተው በይግባኝ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን፣ የክልሉ ጠቅላይ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። የፌዴራል ጉዳይህ በክልሉ ከፍተኛ ከተወሰነ ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ነው። ጠቅላዩ በፌዴራል ከፍተኛ ሥልጣኑ ከወሰነው ብቻ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ትሄዳለህ። ፌዴራል ስለተባለ ብቻ አዲስ አበባ አትሩጥ፤ መዝገቡ ሲመለስ የይግባኝ ጊዜው ያልፍብሃል።

ተራ ስርቆት ወይም ድብደባ ከሆነ ግን የክልሉ ዐቃቤ ሕግ ነው የሚይዘው። «ማስረጃ አይበቃም» ብሎ መዝገቡን ከዘጋ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቅ፤ በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 44 መሠረት አልከስም ማለቱን የምትቃወመው እሱን ይዘህ ነው።