የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሞዴል ባቡር ሲግናልና የሐዲድ መቀየሪያ ሞተር

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ባለ 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በሰሌዳ ላይ ዘርግቻለሁ። መቀየሪያዎቹን የሚገፉት ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሞተሮች ሲሆኑ ኃይል የሚያገኙት ከ16 ቮልት ትራንስፎርመር ነው። ሩቅ ያሉት ሞተሮች ቁልፉን ስጫን ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ቶሎ አይቀይሩም። ሁለቱ ተቃጥለዋል። የተጠቀምኩት ከኔትወርክ ኬብል የወጣ ሽቦ ነው።

መልስ፦ ሞተሮቹን የገደላቸው ሽቦው ነው፤ ቁልፉ ላይ የቆየው ጣትዎም አግዞታል። የዚህ ዓይነት ኮይል 4 ኦም ገደማ ስለሆነ በ16 ቮልት 4 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም 64 ዋት ነው። ለቅጽበት ከሆነ ምንም አይለውም። ለጥቂት ሴኮንዶች ከቆየ ግን የመዳብ ሽቦው ቫርኒሽ ይነድና ኮይሉ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። የኔትወርክ ኬብል ሽቦ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው በሜትር 0.08 ኦም ይወስዳል። ሞተሩ 3 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር፣ ግማሽ ኦም መሆኑ ነው። በ4 አምፔር 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ይደክማል፣ እርስዎ አጥብቀው ይጫናሉ፣ ኮይሉ ይቃጠላል።

ለሞተሮቹ ባለ 0.75 ወይም ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይዘርጉ። የኔትወርኩን ሽቦ አይጣሉት፤ ለመብራቶቹ ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ኃይሉን በካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ ባንዴ በሚለቅ ዕቃ) በኩል ይስጡ። የሚያስፈልገው ባለ 24 ቮልት ዲሲ አዳፕተር፣ ባለ 220 ኦም 5 ዋት ሬዚስተርና ባለ 4700 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ካፓሲተር ነው። የአዳፕተሩ ፖዘቲቭ በሬዚስተሩ አልፎ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ላይ ያርፋል፤ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይገናኛል። ካፓሲተሩን ገልብጠው ካሰሩት ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ከጎኑ ያለው መስመር የኔጋቲቩ ምልክት ነው። ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ሁለቱ ፑሽ በተኖች፣ ከእያንዳንዱ በተን ወደየኮይሉ ያውጡ። የኮይሎቹን የጋራ ሽቦ ወደ ኔጋቲቭ ይመልሱ። በእያንዳንዱ ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ)፣ ነጩ ቀለበት ወደ በተኑ ዞሮ ቢታሰር የበተኑን ኮንታክት ከብልጭታ ያድናል።

አሁን በተኑ ቢቀረቀር እንኳ ኮይሉ ላይ የሚደርሰው 0.11 አምፔር ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚሸከመው ሬዚስተሩ ነው (2.6 ዋት ገደማ)፤ ስለዚህ ከፕላስቲክና ከእንጨት ያርቁት። በአንድ መቀየርና በሚቀጥለው መካከል ካፓሲተሩ እስኪሞላ 4 ሴኮንድ ያህል ይታገሱ። ይህ ሁሉ ተደርጎም መቀየሪያው ካስቸገረ ኤሌክትሪኩን ትተው በጣት ይግፉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የደረቀ ሙጫ ወይም በምላሱ (በሚንቀሳቀሰው የመቀየሪያው ሐዲድ) ሥር የገባ ጠጠር ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ። ሲግናሎቼን በራሳቸው ስዊች አበራለሁ። መቀየሪያው ወደ ዝግ መስመር ዞሮ ሳለ ሲግናሉ አረንጓዴ እያሳየ ባቡሮቼ ይጋጫሉ። ደግሞ ለሙከራ ቀዩንና አረንጓዴውን አብሬ ሳበራ አረንጓዴው ይጠፋል። ሞተሮቼ ቶርቶይዝ የሚባሉት፣ ቀስ ብለው የሚገፉት ናቸው።

መልስ፦ ሲግናል መናገር ያለበት እርስዎ ያዘዙትን ሳይሆን ምላሱ በርግጥ የቆመበትን ነው። ለሲግናሉ የተለየ ስዊች እስካለ ድረስ አንድ ቀን ሁለቱ መለያየታቸው አይቀርም። ያንን ስዊች ያውጡት።

ሞተርዎ መፍትሔውን ይዟል። ከስምንቱ እግሮች 1ኛውና 8ኛው የሞተሩ ናቸው። የቀሩት ከሞተሩ ጋር የሚቀየሩ ሁለት የውስጥ ስዊቾች ሲሆኑ 4ኛው የ2ኛውና የ3ኛው፣ 5ኛው ደግሞ የ6ኛውና የ7ኛው የጋራ እግር ነው። ሲግናልዎ የጋራ ፖዘቲቭ ካለው 12 ቮልቱን በቀጥታ ይስጡት፤ ኔጋቲቩን ወደ 4ኛው አስገብተው ቀዩን ከ2ኛው፣ አረንጓዴውን ከ3ኛው ከታች በተጠቀሱት ሬዚስተሮች በኩል ያገናኙ። ተገልብጦ ከበራ ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ነው። የ5ኛው ስዊች ሁለቱ ሐዲዶች ለሚሻገሩበት ነጥብ ኃይል ለመስጠት ይቆይ።

አንድ ጉድለት አለው። የውስጥ ስዊቹ የሚከተለው ሞተሩን እንጂ ምላሱን አይደለም፤ ሞተሩን ከምላሱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ከወለቀ መብራቱ ይዋሻል። በዋናው መስመር ላይ ላሉት መቀየሪያዎች ምላሱ ራሱ የሚጫነው ማይክሮ ስዊች ቢገጠም ይሻላል። የጋራ እግሩ ሁልጊዜ መካከለኛው ስላልሆነ አስቀድመው በቴስተር ይለዩት።

አረንጓዴው የሚጠፋው በጋራው ሽቦ ላይ አንድ ሬዚስተር ብቻ ስላለ ነው። ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ የሲግናል መብራት) በ2 ቮልት፣ ደማቅ አረንጓዴ በ3 ቮልት ገደማ ይበራል፤ አብረው ሲሆኑ ቀዩ ቮልቱን 2 ላይ ይይዘዋል። ለእያንዳንዱ የራሱን ሬዚስተር ይስጡ፦ በ12 ቮልት ለቀይ 1 ኪሎ ኦም፣ ለአረንጓዴ 4.7 ኪሎ ኦም። እኩል ካደረጓቸው አረንጓዴው ዓይን ይወጋል።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ። መቀየሪያዎቼን የሚገፉት በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚታዘዙ ትንንሽ ሰርቮዎች፣ ማለትም በታዘዙበት ማዕዘን የሚቆሙ ሞተሮች ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ይወራጫሉ፤ አንዳንዴም አርዱዊኖው ራሱን መልሶ ያስነሳል።

መልስ፦ ሰርቮዎቹን ከአርዱዊኖው 5 ቮልት እግር አይመግቡ። አንዱ ብቻ ሲታገል ከግማሽ አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል ቮልቱ ይወድቃል፣ አርዱዊኖውም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ለብቻቸው ባለ 5 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ይስጧቸው፤ ኔጋቲቩ ግን ከአርዱዊኖው ኔጋቲቭ ጋር የግድ ይገናኝ። በሰርቮዎቹ መስመር ላይ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨምሩ። በፕሮግራሙ ደግሞ የመጨረሻውን አቋቋም ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋ የማይረሳው የአርዱዊኖው ማስታወሻ) ላይ ያስቀምጡ። ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ቁጥር ይጻፉ፣ ሰርቮውን የሚያገናኘው ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁሉም ተነስተው ወደ መካከል ይሮጣሉ። ሲግናሎቹም እንደላይኛው መልስ በማይክሮ ስዊች ቢታሰሩ አርዱዊኖው እስኪነሳ እንኳ ትክክለኛውን ያሳያሉ።