ዓይን አፋር ነኝ፣ ሚስጥራዊ ደንበኛ ሆኜ መሥራት እችላለሁ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ደንበኛ መስሎ ገብቶ የባንክና የካፌ መስተንግዶ የሚገመግም ሰው ምን ችሎታ ያስፈልገዋል? እኔ ዓይን አፋር ነኝ፣ ማስመሰልም አልችልበትም» ብለሻል። እኔ እዚህ ሐዋሳ ለአንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ከሥራዬ ጎን ለጎን ሦስት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ዓይን አፋርነቱን እርሺው። እንዲያውም ይጠቅምሻል፤ ቶሎ የሚነቃበት ወሬ የሚያበዛው ነው።

እኔን ያስቸገረኝ ያየሁትን ከተሰማኝ ለይቶ መጻፍ ነበር። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ላይ «አስተናጋጁ ግድየለሽ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ተቆጣጣሪዬ ወዲያው መለሰችልኝ። «ምን አደረገ?» አለች። ሳስበው፣ ከተቀመጥኩ ከ7 ደቂቃ በኋላ ነው የመጣው። ሰላም አላለኝም። ሳዝዘው ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። መጻፍ የነበረብኝ ይህንን ነው። ምናልባት ልጁ ቤት የታመመ ሰው ይኖረው ይሆናል፤ እኔ በምን አውቃለሁ?

ሌላው ማስታወስ ነው። እፊታቸው ወረቀት አውጥተሽ አትጽፊም። ጥበቃው ሰላም ብሎሻል? ስንት መስኮት እየሠራ ነበር? ወረፋው ላይ ስንት ሰው ቆሟል? እኔ መልእክት የምጽፍ መስዬ ሰዓቱን ብቻ ስልኬ ላይ እይዛለሁ። የቀረውን እንደወጣሁ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እጽፈዋለሁ፤ ከፒያሳ መናኸሪያ እስክደርስ ያልቃል። ማታ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ካልሽ ግማሹ ይጠፋል። የጠፋውን ደግሞ ጭንቅላትሽ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል።

ስለ ሰዓት አንድ ጉድ ልንገርሽ። ጠዋት 4 ሰዓት ከ5 ላይ ገብቼ ቅጹ ላይ 4:05 ብዬ ሞላሁ። ደረሰኙ ግን 10:21 ይላል። «አይጣጣምም» ተብሎ ተመለሰብኝ። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየትኛው አቆጣጠር እንደምሞላ ሳልጠይቅ አልንቀሳቀስም። ደረሰኙን ደግሞ አደራ! የምትገዢው መጀመሪያ በራስሽ ብር ነው፣ ያለ ደረሰኝ አይተካልሽም።

የከተማችን ችግር መተዋወቁ ነው። አንድ ቀን አንድ ባንክ ገባሁ፣ መስኮቱ ላይ የጎረቤታችን ልጅ! «እንዴ! እትዬ እንዴት ናቸው?» ብላ ከወረፋው አውጥታ አስተናገደችኝ። ምን ብዬ ልሙላ? ጥሩ ነች ብል ውሸት፣ ደንብ ጥሳለች ብል የሰው እንጀራ። ለድርጅቱ ደውዬ «ታውቀኛለች፣ ሌላ ሰው ላኩ» አልኩ። የዚያን ቀን ክፍያ ቀረብኝ። በሩን ሳይረግጡ ቅጹን የሚሞሉ ሰዎችም አሉ፤ የማታ ማታ ደረሰኝና ሰዓት ያጋልጣቸዋል።

(ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላሁ ይከፈለኛል ብለሽ ከሆነ፣ እኔም ጠብቄ ነበር። አብዛኛው ባንክና ነዳጅ ማደያ ነው።)

ክፍያው በጉብኝት ስለሆነና ሥራው በየቀኑ ስለማይመጣ ቋሚ ሥራሽን አትልቀቂ። መመዝገቢያ ክፈይ የሚልሽን ሰው ግን ጥለሽው ሂጂ፤ ቀጣሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

መሞከር ከፈለግሽ ነገ አንድ ካፌ ገብተሽ ማኪያቶ ጠጪ። ከወጣሽ በኋላ ያየሽውን ብቻ፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉ ቃላት ሳይገቡበት ጻፊና የካፌውን ስም ሳትጠሪ እዚሁ ለጥፊው። እንደ ተቆጣጣሪዬ በቀይ አርሜ እመልስልሻለሁ።