ተቀያሪ ወንበር ላይ ላለህ አጥቂ፦ ጥለህ ከመውጣትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ብቻ ነው የሚያስገቡኝ፤ ሌላ ክለብ ይፈልገኛል፤ ጥዬ ልውጣ ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን አነበብኩት። ሌሎቹ «እንደ ማንችስተር ዩናይትዱ አጥቂ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ታገስ» ብለውህ አልፈዋል። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የተቃጠልኩ አጥቂ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1ኛ፦ ሶልሻየርን «ተቀያሪ» ሲሉት ያመኛል። ሰውየው ከኖርዌይዋ ክርስቲያንሱንድ የወጣ፣ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ በከተማው ትንሽ ክለብ የተጫወተ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ክረምት ዩናይትድ ከሞልደ በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያመጣው ሁሉም የሚያወራው ስለ እንግሊዛዊው አጥቂ አላን ሺረር ነበር። ሺረር ወደ ኒውካስል ሄደ። ይሄ የልጅ ፊት ያለው ኖርዌያዊ ደግሞ ብላክበርን ላይ ተቀይሮ በገባ በ6 ደቂቃ አገባ። ያን ዓመት በሊጉ 18 ጎል አስቆጠረ፤ ከቡድኑ ማንም አልበለጠውም። በዩናይትድ በጠቅላላው 366 ጨዋታ፣ 126 ጎል አለው። አብዛኞቹን ያገባው ደግሞ ከመጀመሪያው ደቂቃ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ነው። ወንበር ላይ ያስቀመጠው የችሎታ ማነስ አይደለም። አንተም ይሄን ያዝ።

2ኛ፦ ይሄኛው ዋናው ነው። በ1998 ክረምት ሌላ አጥቂ፣ ድዋይት ዮርክ፣ ወደ ዩናይትድ መጣ። በአጥቂ ቦታ አንዲ ኮል አለ፣ ቴዲ ሼሪንግሃም አለ። ቶተንሃም ሶልሻየርን ሊገዛ ከክለቡ ጋር በዋጋ ተስማማ። እሱ «አልሄድም» አለ። አስበው፣ እዚያ ቢሄድ በየሳምንቱ ይሰለፍ ነበር። ቀርቶ ያገኘውን ደግሞ ታውቃለህ። በጥር ሊቨርፑልን በኤፍኤ ካፕ በባከነ ሰዓት ጣለ። በየካቲት ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ገብቶ አራት አገባ፤ 8 ለ 1። ግንቦት ላይ ደግሞ ባርሴሎና ከተማ፣ ከባየርን ሙኒክ ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ።

እኔስ? እኔ ሄድኩ። ዕድሜዬ 21 ነበር። ያኔ የምጫወትበትን ክለብ ስም አልጠራም። አሰልጣኙ አንድ ቀን ጭራሽ ሳያስገባኝ ሲቀር ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ልምምድ ቀረሁ። ሌላ ክለብ «ና ብቻ፣ ፊርማህ ዝግጁ ነው» ብሎኝ ነበር። መልቀቂያ የሚባል ወረቀት ትዝ አላለኝም። የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው ወንድሜ። ወደ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ና» አለች። ነገ ሄድኩ፣ ስብሰባ ናቸው። ከነገ ወዲያ ፋይልህ አልተገኘም። ኃላፊውን በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው «አንተ ራስህን ማን አደረግከው? እዚያው ተቀምጠህ ጠብቅ» ብለውኝ በሩን ዘጉት። ያቺን በር እስከ ዛሬ አልረሳትም። ስመላለስ የተጫዋች ምዝገባ ተዘጋ። የጠራኝ ክለብ ሌላ አጥቂ አስፈረመ፣ ስልኬንም ማንሳት ተወ። ዓመቱ ሙሉ ሳልጫወት አለፈ። በ21 ዓመት አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ስለዚህ መውጣት ካለብህ እንኳ ወረቀቱን በእጅህ ሳትይዝ ልምምድ አትቅር። የውልህን ኮፒ ቤት አስቀምጥ። ያስገባኸውን ደብዳቤ ሁሉ ማኅተም አስመትተህ ቅጂውን ያዝ።

3ኛ፦ ወንበሩ ላይ ምን ትሠራለህ? እኔ እኩርፍ ነበር። ጫማዬን ፈትቼ እቀመጣለሁ። ሶልሻየር ተቀምጦ ተከላካዮቹን እንደሚያጠና የታወቀ ነው፤ ማን ደከመ፣ ማን ጀርባውን ይረሳል። የባርሴሎናውን ፍጻሜ ያየሁት በልጅነቴ ሰፈር ቪዲዮ ቤት በካሴት ነበር፤ ሳልጫወት ካለፈው ከዚያ ዓመት በኋላ ግን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። 81ኛው ደቂቃ ላይ ሶልሻየር በኮል ቦታ ተቀይሮ ይገባል፤ ባየርን 1 ለ 0 እየመራ ነው። ሼሪንግሃም አቻ ያደርጋል። ከዚያ የቤካም የማዕዘን ምት፣ የሼሪንግሃም ጭንቅላት፣ እና የሶልሻየር ቀኝ እግር። ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ አይሮጥም። ቀድሞ እዚያው ቆሟል። የባየርን በረኛ ኦሊቨር ካን አልተንቀሳቀሰም። ጋናዊው የባየርን ተከላካይ ሳሙኤል ኩፎር መሬቱን ሲደበድብ ሳይ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።

እኔም ወደ ሌላ ክለብ ስገባ፣ አዎ በኋላ ሌላ ክለብ አገኘሁ፣ አሁንም ተቀያሪ ሆንኩ። በዚህ ጊዜ ግን የጫማዬን ክር አልፈታሁም። የተቃራኒውን የግራ ተከላካይ ቁልጭ አድርጌ አያለሁ። ያን ዓመት 9 ጎል አገባሁ፤ 5ቱን ተቀይሬ ገብቼ። በዚህ እኮራለሁ። በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ነበርኩ።

4ኛ፦ ጉልበትህን እንደሚያምህ ጽፈሃል። እኔንም እንዲሁ ነበር፤ ለአሰልጣኝ ከነገርኩ ያቺንም 15 ደቂቃ አጣለሁ ብዬ ደበቅኩት። አትደብቅ። ሶልሻየር በ2003 መስከረም ከፓናቲናይኮስ ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የ2004/05ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አልተጫወተም። በነሐሴ 2006 ቻርልተን ላይ ሲያገባ ከሦስት ዓመት በላይ በሊጉ ጎል አልነበረውም። ያን ዓመት የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በነሐሴ 2007 ግን በ34 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። የዩናይትድ ሐኪሞችና ገንዘብ ከኋላው ቆመው እንኳ ጉልበቱ ከዚያ አላለፈም። እኔና አንተ ከኋላችን ማን አለ?

ነገ መጀመሪያ ጉልበትህን ታይ። ከዚያ አሰልጣኝህን ብቻውን አግኘውና «ምን ጎደለኝ?» ብለህ ጠይቀው፤ እኔ ይሄን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ስለ መልቀቂያው ደብዳቤ አጻጻፍ ከፈለግክ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የኔን ልልክልህ እችላለሁ።