ልጃችሁ ባሱን ከመረጠች

በአሜሪካ የትምህርት ቤት ባንዶች ውስጥ ክላሪኔትና ትራምፔት የሚነፋ ልጅ ሞልቷል። ባሱን የተባለውን ረጅምና ድምፁ ወፍራም የሆነ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋ ግን ብርቅ ነው። የባንድ መምህሩ ጎበዝና ታጋሽ ተማሪ ሲያይ “ባሱን ብትሞክሪስ?” ይላል። ልጅቷ መሣሪያውን ይዛ ቤት ትገባለች። ከዚያ የወላጅ ጥያቄ ይከተላል፦ “ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?”

ባሱን እየተጫወትኩና እያስተማርኩ ስለምኖር ይህን ጥያቄ ከብዙ ወገኖቼ ሰምቻለሁ። አዎ፣ እንጀራ ይሆናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጀራ የሚሆነው መጫወትና ማስተማር ሲደመሩ ነው። ከመነሻው ሁለቱን አብራችሁ አስቡ።

መጀመሪያ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። አዲስ የተማሪ ባሱን ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ የባለሙያው ደግሞ ከአዲስ መኪና ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያውሳሉ፣ ስለዚህ ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጠውን ተዉት፤ ሲበላሽ የሚጠግንላችሁ አታገኙም። ያላችሁን ገንዘብ ለግል አስተማሪ አውሉት። የባንድ መምህሩ ሁሉንም መሣሪያ በጥቂቱ ያውቃል። ባሱን ላይ ግን የግራ እጅ አውራ ጣት ብቻውን ወደ አስር የሚጠጉ ቁልፎችን ይነካል። ይህን የሚያስተካክልላት ራሱ ባሱን የሚጫወት ሰው ነው።

ሌላው ወጪ ሪድ ነው፤ መሣሪያው ላይ ተሰክቶ ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ማለት ነው። ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ሲሆን ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቫር አካባቢ የሚመጣው የታወቀ ነው። አንዱ ሪድ ከ20 ዶላር በላይ ይሸጣል፣ በጥቂት ሳምንታትም ይደክማል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እየቀረጹ ይሠራሉ። ልጃችሁ ሃይስኩል እያለች ሙያውን ትልመድ። በኋላ ለሌሎች ተማሪዎች ሸጣ ገቢ ታገኝበታለች።

አሁን ስለ ኦርኬስትራ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት የባሱን ተጫዋቾችን ነው። ወንበር የሚከፈተው አንዱ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲለቅ ነው። ለዚያች አንዲት ወንበር ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ የአውሮፕላንና የሆቴሉንም ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ሞዛርት በ1774፣ ገና በ18 ዓመቱ የጻፈው የባሱን ኮንሰርቶ፣ ማለትም ባሱን በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚጫወተው ድርሰት፣ ዛሬም በየኦዲሽኑ (በየመግቢያ ፈተናው) ይጠየቃል። በአሜሪካ የኦዲሽኑ የመጀመሪያ ዙሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄዱት በመጋረጃ ጀርባ ነው። ስሟም፣ መልኳም፣ የወላጆቿ አገርም አይታይም፤ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ስፊንክስ የተባለው ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ጥቁርና ላቲኖ ሙዚቀኞችን በኦዲሽን ዝግጅትና ወጪ ይደግፋል። እንግሊዝ ያላችሁ በ2015 የተመሠረተውን፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ጥቁሮችና የሌሎች አናሳ ብሔረሰቦች ሙዚቀኞች የሆኑበትን ቺኔኬ ኦርኬስትራ ተመልከቱ፤ ወጣቶች የሚጫወቱበትም አለው።

ማስተማርን በተመለከተ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። “ኦርኬስትራ ካልገባች አስተማሪ ትሆናለች” ይባላል፣ የወደቀች ይመስል። አይደለም! በሙዚቃ ትምህርት ተመርቃ የስቴቱን የመምህርነት ፈቃድ ያወጣች ሰው ደመወዝ፣ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ አላት። ማታና ቅዳሜና እሁድ ትጫወታለች፣ የግል ተማሪዎችም ትይዛለች። ለሌላ ሰው ጣት አቀማመጥንና ትንፋሽን ስታስረዳ የራሷም አጨዋወት ይጠራል፤ በራሴም በተማሪዎቼም አይቼዋለሁ። ፈቃዱ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የት መኖር እንደምትፈልግ ቀድማ ታስብ። በግል በምትሠራው ላይ ደግሞ ከገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብር አለ። የሪድና የጥገና ደረሰኞቿን ከመጀመሪያው ቀን ታስቀምጥ።

የልምምድ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይጋጫል። የወጣቶች ኦርኬስትራ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሁድ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ከልጅቷ ጋር ተነጋገሩ፤ አንዳንድ ከተማ በሥራ ቀን ማታ የሚለማመዱም አሉ። ኮንሰርቷ ሲደርስ ደግሞ አያቶችንና አክስቶችን ይዛችሁ ሂዱ። ለሠርግና ለክርስትና ሲሆን አዳራሽ እንሞላለን፣ ለዚህም መሙላት እንችላለን።

ልጃችሁ ያላሰባችሁትን ብትመርጥም አትደንግጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፣ የሆነው ግን ሙዚቀኛ ነው።

ኮሌጅ ላይ የባሱን ብርቅነት ይጠቅማታል። የዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራዎች ባሱን ስለሚያጥራቸው እስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ሜጀሯ ሙዚቃ ባይሆንም እንኳ ጠይቁ። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1928 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ የሚቀበለው ግን እጅግ ጥቂት ሰው ነው። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ አያስከፍሉም፤ ጀርመንኛ ግን ያስፈልጋል። በአሜሪካ የብዙዎቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጋው ኅዳር መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው። ቀድሞ የሚላክ ቪዲዮም ይጠይቃሉ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት ባለው ክረምት ሙዚቃዎቹን መርጣ ትጨርስ፣ አብሯት ፒያኖ የሚጫወትላትንም ሰው ያኔውኑ ፈልጉ።