ከቅጠል ብስባሽ የወጣች ጥንዚዛና የአንቺ ሙያ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለሦስተኛ ዓመት የመስክ ሥራ ከጫካ ወለል ያመጣሽውን የረገፈ ቅጠል በወንፊት ስታጠሪ አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥንዚዛ አገኘሽ፤ በእጅሽ ያለው መለያ ቁልፍም (ምልክት በምልክት እያስመረጠ ወደ ነፍሳቷ ስም የሚመራው ጽሑፍ) መሃል ላይ አላስኬድ አለሽ። «አዲስ ዝርያ ከሆነች ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ቶሎ ስም ላውጣላት? ደግሞስ በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል ወይስ ቤተሰቦቼ እንደሚሉት ወደ ሌላ ሙያ ልዙር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለሁለቱም ጥያቄ ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ አንድን የጥንዚዛ ቡድን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሁኚ። ስሙም ሥራውም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ጥርጣሬሽ መሠረት አለው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ጥንዚዛዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ፤ ስም የሚጠብቁትም ብዙ ናቸው፣ በተለይ በብስባሽ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቆች። ከእነዚህ ብዙዎቹ መብረር ስለማይችሉ ከአንድ ተራራ ወደ ሌላው አይሻገሩም፤ በየተራራው ተነጥለው በረጅም ዘመን የየራሳቸው ዝርያ ይሆናሉ። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ትሪጎኖፕቴረስ ከተባለው መብረር የማይችል ጂነስ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) በ2019 በአንድ ጽሑፍ ብቻ 103 አዳዲስ ዝርያዎች ተገልጸዋል።

ነገር ግን ቁልፉ አላስኬድ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በነፍሳት ክምችት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ ሳለሁ አዲስ ናት ባልኳት አንዲት ጥንዚዛ ላይ ወራት ፈጀሁ፤ ለካኋት፣ ሣልኋት፣ ስም ሳይቀር አሰብኩላት። ቡድኑን የሚያውቅ ሰው ፎቶውን አይቶ «ይህቺ ከመቶ ዓመት በፊት በሌላ ጂነስ ሥር ስም ወጥቶላታል» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ በጣም አዘንኩ። ዛሬ ግን ለአንቺ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ አዲስ የሆነውን ለማወቅ መጀመሪያ የታወቀውን ሁሉ ማየት ግድ ይላል።

ስለ መቀደም አትጨነቂ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው አንድ ናሙና ከተሰበሰበበት ቀን አንስቶ ዝርያው እስኪገለጽ ድረስ በአማካይ 21 ዓመት ያልፋል። ኔሎፕቶደስ ግሬታይ የተባለችውን ጥንዚዛ ተመልከቺ፤ ርዝመቷ 0.79 ሚሊ ሜትር ነው። በኬንያ ከአፈርና ከብስባሽ የተገኘችው በ1964 እና 1965 መካከል ሲሆን፣ በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይታ ስም ያገኘችው በ2019 ነው። ስለዚህ ወደ አንቺ ብልቃጥ የሚሽቀዳደም ሰው የለም፤ ጊዜሽን በሥራው ላይ አውዪው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለሙያው መሆንሽን የሚለየው ይህ ነው። አንዲት ናሙና አትበቃም፤ ወንድም ሴትም ያስፈልጉሻል። በእነዚህ ደቃቅ ጥንዚዛዎች የቅርብ ዘመዳሞች ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት አብዛኛውን ጊዜ በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ያንን ለማየት ሆዱን እንደ ፀጉር በቀጠነ መርፌ ከፍተሽ፣ ሥጋውን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙተሽ፣ የቀረውን በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሥር እያገላበጥሽ ትስያለሽ። በአንድ ያልታሰበ የእጅ እንቅስቃሴ የአንድ ቀን ሥራ ሊጠፋ ይችላል። ዘረ መሉን ለማንበብም ናሙናው ገና ከመስክ ጀምሮ በ96 በመቶ አልኮል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዚያ የቅርብ ዘመዶቿ ስም ሲወጣላቸው መለኪያ ከሆኑት ዋና ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ይመጣል፤ እነዚያ በተለያዩ ሙዚየሞች ተበታትነው ስለሚገኙ በውሰት ወይም በፎቶ ትጠይቂያለሽ። ይህን ሁሉ ስታስቢ ልብሽ ደስ ካለው ጥሩ ምልክት ነው። ከደከመሽም ዛሬ ማወቁ ይሻላል፣ ነውርም የለውም።

ሕጉ ብዙ አያስቸግርም። የእንስሳት ስያሜ ደንብ የሚነሳው ከ1758 ነው፤ አስቀድሞ በአግባቡ የታተመው ስም ይጸናል። ከ2000 ወዲህ ለሚወጣ ስም ደግሞ ዋና ናሙናውን (አብዛኛውን ጊዜ ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና ነው) ለይቶ መጥቀስና በየትኛው ክምችት እንደሚቀመጥ መግለጽ ግዴታ ነው። በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚታተም ጽሑፍ ከሆነ ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ መግባት አለበት። ስሟን በራስሽ ስም አታውጪ፤ ባልደረቦችሽ በበጎ አያዩትም። የመሰብሰቢያ ፈቃድሽን ግን ዛሬውኑ አረጋግጪ። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል ናሙና ከአገር ወደ አገር በሚሄድበት ጊዜ ፈቃድን የሚመለከት በመሆኑ፣ ያለ ወረቀት የተሰበሰበች ጥንዚዛ በኋላ ለማሳተም ታስቸግርሻለች።

አሁን ወደ ቤተሰቦችሽ ጥያቄ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ዝርያ በመግለጽ ብቻ ደመወዝ የሚከፈልበት መደብ በየትም አገር ጥቂት ነው። ደቃቅ ነፍሳትን አይቶ መለየት የሚችል ሰው ግን በሌሎች በሮችም ይፈለጋል። የዕፅዋት ኳራንቲን ጣቢያዎች በጭነት ውስጥ የገባችው ጥንዚዛ ተባይ መሆኗን ማወቅ አለባቸው፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚሠሩ ድርጅቶችም የጫካውን ነፍሳት የሚለይላቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ሙዚየሞች ክምችታቸውን ወደ ዲጂታል ሲያዞሩ፣ የዘረ መል ቤተ ሙከራዎችም ከቅጠል ብስባሽ ያነበቡትን ውጤት ከትክክለኛው ስም ጋር ሲያገናኙ ያው ዓይን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ከጥንዚዛው ጎን ለጎን ስታትስቲክስ፣ የካርታ ሶፍትዌርና መሠረታዊ የዘረ መል ሥራ ተማሪ። በእኔ ግምት በቀጣሪ ፊት የምታስመርጪው በእነዚህ ጥምረት ነው።

ወደ ሌላ ሙያ ብትዞሪም በሩ አይዘጋብሽም። በዚያው በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት እንደሚለው በአውሮፓ አዳዲስ ዝርያዎችን ከሚገልጹት ሥራዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው መተዳደሪያቸው ታክሶኖሚ (ዝርያን የመለየትና የመሰየም ሙያ) ካልሆነ ሰዎች ነው። ይህን ለወላጆችሽ ብትነግሪያቸው ጭንቀታቸው ይቀልላል ብዬ አስባለሁ።

በዚህ ሳምንት የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። ቁልፉ ካደረሰሽ የጥንዚዛ ቤተሰብ (የዘመዳም ጂነሶች ስብስብ) እና ጂነስ ተነሺና በቅርብ ዓመታት በዚያ ቡድን ላይ የጻፈ ተመራማሪ ፈልገሽ አጭር ደብዳቤ ጻፊለት። የት፣ መቼ፣ በምን ዘዴና በምን ከፍታ ላይ እንዳገኘሻት ግለጪ፤ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር የተነሱ ፎቶዎችን አያይዢ፤ ርዝመቷንም አስፍሪ። «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» አትበይው፤ «እዚህ ቦታ ላይ ቁልፉ አላስኬደኝም፣ ምን ልመልከት?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሳቸው ደስ ይላቸዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሺው።

ብልቃጡ ውስጥም የቦታውና የቀኑ ማስታወሻ በእርሳስ ተጽፎ መግባቱን እይ፤ አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ክዳኑንም አጥብቂው፣ አልኮሉ ይተንናልና።