ቀጭን ጊታር ልግዛ ወይ? ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ድሬና ሐረር ያላችሁ ጊታር ተጫዋቾች ሰሞኑን ጥያቄያችሁ ሁሉ አንድ ሆኗል። ያንን የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ ያለውን ቀጭን ኤሌክትሪክ ጊታር እንግዛ ወይስ ይቅርብን? እንዳመጣጣችሁ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳቢያን፦ «ቀጭን» የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው? የጓደኛዬን ለካሁት፤ ከኔ ድፍን ጊታር ምንም አይለይም።

ልክ ነህ፤ የሚያሳስተው ስሙ ነው። ቀጭን የተባለው ከድሮው ሆደ ትልቅ የጃዝ ጊታር ጋር ሲተያይ ነው። የዚያኛው ጎን ከ8 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጊብሰን በ1958 ያወጣው ኢኤስ-335 ጎኑ 4.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቦዲው መሃል ለመሃል ድፍን እንጨት ገብቶበታል፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው። በ1961 የመጣው ኤፒፎን ካዚኖ ከሩቅ መንትያው ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጭራሽ ባዶ ነው። የ1968ቱ የፌንደር ቴሌካስተር ቲንላይን ደግሞ ክብደት እንዲቀንስ ውስጡ ተቦረቦረ እንጂ ውፍረቱ የተራው ቴሌካስተር ነው።

ስለዚህ ሻጩን «ቀጭን ነው?» አትበለው። «ውስጡ ምን አለ?» በለው። ካላወቀ የስልክህን መብራት በአንዱ ቀዳዳ አስገባ። ወደ መሃል በኩል ግድግዳ የመሰለ እንጨት ካየህ ግማሽ ባዶ ነው። መብራቱ አልፎ በሌላኛው ቀዳዳ ከወጣ ሙሉ ባዶ ነው። እኔ አንዴ በምሽት የወደድኩትን ጥቁር ጊታር ጠዋት ሳየው ቀዳዳው ቀለም ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አቦ፣ በምሽት አትግዙ!

ከመጋላ፦ ሠርግ ላይ ድምፅ ስጨምር ይጮህብኛል። ጊታሩ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የባዶውን ቦዲ ፊት ያንቀጠቅጠዋል፤ እሱ ክሩን ያነቃንቃል፤ ፒክአፑ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት) ያንኑ መልሶ ወደ ስፒከሩ ይልካል። ዙሩ እየከረረ ሄዶ ጩኸት ይሆናል። ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ራቅ በል፤ ፊት ለፊቱም አትቁም። ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ድፈናቸው፤ አያምርም ግን ይሠራል። አምፑ ላይ ቤዙን ቀንሰው። የኛ አገር ሠርግ ስፒከር ምን እንደሚያህል ታውቃለህ፤ ሥራህ ሠርግ ከሆነ መሃሉ ድፍን የሆነውን እንጂ ካዚኖን የመሰለ አትግዛ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ እናቴ ቶሎ ትተኛለች። ያለ አምፕ ልምምድ ይሆናል?

ይሆናል እህቴ፤ እንዲያውም ላንቺ የተሠራ ነው። ለራስሽ ጆሮ ይበቃል፤ ከበር አያልፍም። ከድፍኑ ጊታር ይልቅ ስህተትሽን ቶሎ ትሰሚዋለሽ።

ከከዚራ፦ የድሬ ሙቀት አይጎዳውም?

ይጎዳዋል፤ ይሄን በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ትቼው ምሳ በላሁ። ስመለስ በቦዲው ጠርዝ የሚዞረው ነጭ ፕላስቲክ ወገቡ ጋ ተላቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከፍቷል። ኮላው ለስልሶ ነው። በነገራችን ላይ የነዚህ ጊታሮች ፊትና ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የተደራረበ እንጨት ነው። በቋንቋችን ኮምፔርሳቶ በሉት፤ ውዱ 335ም ጭምር። ይሄ ነውር አይደለም። ከአንድ ወጥ ስስ እንጨት ይልቅ መሰንጠቅን ይችላል።

ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትጫወቱ ደግሞ አየሩ ይለወጣል፤ አንገቱም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እንደደረሳችሁ ወዲያው አትቃኙ። ከነቦርሳው ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ከለገሃሬ፣ አንድ ጋሼ፦ ወገቤን ያመኛል። ቀላል የቱ ነው?

ጋሼ፣ ለእርስዎ የጊብሰን ኤስጂ ዓይነት ጊታር ይሻላል። ድፍን ሆኖ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀላል ነው። አንድ ችግር አለው። ቦዲው ስለሚቀል አንገቱ ወደ መሬት ይዘነበላል፤ ግራ እጅዎ ሲደግፈው ይውላል። ሰፊና ሻካራ የቆዳ ማንገቻ ያድርጉበት፤ ትከሻዎ ላይ አይንሸራተትም።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

ከቦዲው በፊት አንገቱን። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ዓይንህ ላይ አነጣጥረህ ከላይ እስከ ታች እይ። ትንሽ ጎበጥ ማለት ይስተካከላል፤ ከተጠማዘዘ ግን ተወው። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ክሩን ሳትጫነው ነካ አድርገህ ሃርሞኒክ የሚባለውን እንደ ደወል ያለ ድምፅ አውጣ፤ ከዚያ እዚያው ተጭነህ ምታ። ሁለቱ ድምፆች ካልገጠሙ ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት) ማስተካከያ ይፈልጋል። ብሪጁ መጨረሻው ላይ ደርሶ አሁንም ካልገጠመ ዋጋ አትከራከር፤ ውጣ።

ለትዝታና ለአምባሰል ይሆናል?

ጥሩ አድርጎ። የአንገቱን ፒክአፕ ምረጡ፤ ቶኑን ትንሽ መልሱት።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ላከልኝ።

ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል።

በመጨረሻ አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ኢባኔዝ ኤኤስ73 ወይም የኤፒፎን 335 እመርጣለሁ። ሁለቱም መሃላቸው እንጨት አለው፤ ፒክአፓቸው ሃምባከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ስለሆነም የመብራቱን እምምም ብዙ አይሰበስቡም። በኛ ከተማ የቤት ሽቦ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ጊታሩ ውስጥ ወደቀብኝ፤ ጀርባው ደግሞ ክፍተት የለውም!

የቀጭን ጊታር እዳው ይሄ ነው። ጀርባው አይከፈትም፤ ሁሉም በኤፍ ቀዳዳው ነው የሚገባው። የልብስ ስፌት ክር በጃኩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስደድና ጫፉን በጉጠት በኤፍ ቀዳዳው አውጣው። ጃኩንም በዚያው በኩል አውጥተህ ክሩን አፉ ላይ እሰር። ከዚያ ከውጭ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ራሱ ቦታው ላይ ይመጣል። ዳዶውን እስክታጠብቅ ክሩን እንዳትለቀው። እኔ አንዴ ለቅቄው ከሰዓቱን ሙሉ ስቆፍር ዋልኩ።